ይገባል

መቐለ ውስጥ አንድ መኪና የማን እንደሆነ ማወቅ ቀላል ነው። ሮማናት አደባባይ ላይ ቆማችሁ ብትጠይቁ ባለቤቱን ብቻ ሳይሆን የባለቤቱን አማች ሥራ ጭምር የሚነግራችሁ አይጠፋም። መኪናው ራሱ ምን እንደሆነ መጠየቅ ግን ነገር መፈለግ ነው። ፊቱን ስታዩት ላንድሮቨር ነው። ኮፈኑን ስትከፍቱት ቶዮታ ያፈጥባችኋል። ራዲያተሩ የአይሱዙ፣ ወንበሩ የሚኒባስ፣ ጥሩምባው የባጃጅ ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ምንም ወሬ ያልሰማው ሊብሬው ብቻ ነበር፤ እሱ ለረጅም ጊዜ ቁም ሣጥን ውስጥ ተኝቶ «ላንድሮቨር፣ ቤንዚን» እያለ ይምል ነበር።

አሜሪካኖች ለዚህ ዓይነቱ መኪና «ሆት ሮድ» የሚል የማዕረግ ስም አላቸው። ነገሩ የደራው ደቡብ ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው። ጎረምሶቹ አሮጌ ፎርድ በርካሽ ይገዛሉ፣ ያለሱ መሄድ የሚችለውን ሁሉ ነቅለው ይጥላሉ፣ ከሌላ መኪና የወጣ ጉልበተኛ ሞተር ይከቱበታል፣ ከዚያ ውሃው ወደ ደረቀ ሐይቅ ወስደው አቧራ እስኪውጣቸው ይጋልቡታል። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1932 ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር ተራው ሰው በሚደፍረው ዋጋ ሲያወጣ ነገሩ ጦፈ። ሸቭሮሌ እ.ኤ.አ. በ1955 በቁመቱ ትንሽ፣ በክብደቱ ቀላል፣ በጉልበቱ ግን የማይናቅ ባለ 8 ሲሊንደር ሲያመጣ ደግሞ ያ ሞተር ያልተሞከረበት መኪና ጠፋ። «ሆት ሮድ» የሚባል መጽሔትም እ.ኤ.አ. ከጥር 1948 ጀምሮ አላቸው። እኛ መጽሔት የለንም። በያጅ አለን፣ ቶርኖ ቤት አለን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ምንም ነገር ብታሳዩት «ይገባል» የሚል መካኒክ አለን።

ልዩነታችን ምክንያቱ ላይ ነው። የካሊፎርኒያው ጎረምሳ ሞተር የሚቀይረው ነባሩ በበቂ አላጓራ ስላለው ነው። የመቐለው ባለመኪና የሚቀይረው ነባሩ አልነሳም ስላለው ነው። እዚያ ፍጥነት ይፈለጋል፤ እዚህ አዲግራት መድረስ ይፈለጋል፤ ከተቻለም መመለስ።

ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ «መምህር» ነው የሚላቸው። አንድ ላንድሮቨር አላቸው፤ ረጅሙ፣ ሲሪስ 3 የሚባለው፣ እንግሊዞች ከ1971 እስከ 1985 እ.ኤ.አ. የሠሩት ዓይነት። ይህ መኪና በአገራችን ያልገባበት መሥሪያ ቤት የለም። የወባ ማጥፊያን ሠራተኛ ይዞ በረሃ ወርዷል፣ በ77ቱ ድርቅ ዕርዳታ ሰጪዎችን ተሸክሞ ገደል ወጥቷል። ገላው አሉሚኒየም ስለሆነ እንደ ሌላው መኪና ዝገት አይበላውም፤ ስለዚህ ሞተሩ ከሞተ በኋላም ለብዙ ዓመት ደህና መስሎ ይቆማል። ባለቤቶቹን የሚያታልለውም ይኸው ነው። ደህና መስሎ የቆመ ነገር ለመሸጥም ለመጣልም አንጀት አይሰጥም።

የመምህር ላንድሮቨር የቆመው በትግራዩ ጦርነት፣ በከበባው ጊዜ ነው። ያኔ ባንክ ተዘግቶ፣ ስልክ ጠፍቶ፣ ቤንዚን በውሃ ጠርሙስ እየተለካ በዓይን ጥቅሻ የሚሸጥ ነገር ሆኖ ነበር። ከተማው በብስክሌትና በጋሪ ይሄድ ነበር። የ2.25 ሊትር የቤንዚን ሞተር ያለው ሰው ያን ጊዜ ያለው መኪና ሳይሆን የሚጠጣ ዘመድ ነው። መምህር መኪናቸውን ግቢያቸው ውስጥ አቁመው በላስቲክ ሸፈኑት። ሰፈራችን ውስጥ ያለች አንዲት ዶሮ በሾፌሩ ወንበር ሥር ገባችና ጎጆ ወጣች። ጦርነቱን ያቆመው የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ተፈርሞ ነዳጅ ቀስ በቀስ መግባት ሲጀምር መምህር ላስቲኩን ገለጡት። ዶሮዋ ግን ስምምነቱ እሷን እንደማይመለከታት በጩኸት አስታወቀች፤ ጫጩቶቿ እስኪያድጉ ተጠበቀ።

ሞተሩ ተሞከረ። ሞተሪኖው አዛጋ፣ አንድ ጊዜ አስነጠሰ፣ ከዚያ ዝም። ሲፈታ ሲሊንደሩ ውስጥ ውሃ ገብቶ ፒስቶኖቹ ከነቤታቸው ተጣብቀዋል።

«ለምን ሌላ አይገዙም?» የሚል ሰው አይጠፋም። የሚለው ሰው ብዙውን ጊዜ መኪና ገዝቶ አያውቅም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ ያገለገለ መኪናን ዋጋ ሰማይ ሰቅሎታል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሄድ አውቶሞቢል ጭራሽ ወደ አገር እንዳይገባ አገደ። ከዚያ ወዲህ አገር ውስጥ የቀረ አሮጌ መኪና ሁሉ እንደ መሬት ነው፤ አይጨመርም። የኤሌክትሪክ መኪና መጥቷል፣ ድምፅ የለውም፣ ያምራል። መምህር አንዱን ዞር ዞር ብለው አዩትና «መብራት ሲሄድ ማን ይገፋዋል?» አሉ። ሻጩ ሳቀ እንጂ አልመለሰም።

ስለዚህ ሞተር መቀየር። ናፍጣ ይሁን የሚለው ላይ ሰፈሩ ተስማማ። የትኛው ናፍጣ የሚለው ላይ ግን መምህር ቤት የተጠጣው ቡና አንድ ኩንታል ሳይጨርስ አልቀረም። የሚኒባስ ሾፌሩ ለቶዮታ ተሟገተ። እሱ የሚያውቃቸው ሦስት ወንድማማቾች አሉ፦ 2ኤል 2.4 ሊትር፣ 3ኤል 2.8 ሊትር፣ 5ኤል 3 ሊትር። ሦስቱም ባለ 4 ሲሊንደር፣ ሦስቱም ኮምፒውተር የማያውቁ፣ ሦስቱም አገሪቱ ውስጥ ባለ ማንኛውም ጋራዥ ዓይን ተጨፍኖ የሚፈቱ ናቸው። «2ኤል ቴስታታው ይሰነጠቃል፣ 5ኤል ዋጋው ይሰነጥቃል፤ 3ኤል ይግዙ» አለ። እንዲህ ያለ ንግግር የሚያደርግ ሰው ለምን ምክር ቤት እንዳልገባ አይገባኝም።

የመካኒክስ ተማሪ የሆነ የመምህር እህት ልጅ ደግሞ ሌላ ነገር አመጣ። ፋብሪካው ለ3ኤል የጻፈለት ጉልበት ወደ 90 ፈረስ ይጠጋል፤ ፋብሪካው ግን ይህን የጻፈው በባሕር ጠለል ላይ ተቀምጦ ነው። መቐለ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት። አየሩ ሳሳ ማለት ሞተሩ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን ቀነሰ ማለት ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከፍታ ላይ ከጉልበቱ አምስት አንድ እጁን ያህል ያጣል። መምህር ሂሳብ ያስተማሩ ሰው ስለሆኑ ወዲያው አሰሉት።

«ስለዚህ 90 ፈረስ ገዝቼ 18ቱ ሳይመጡ ይቀራሉ?»

«አዎ መምህር። ወደ አብዓላ ሲወርዱ ጥቂቶቹ ይመለሱልዎታል። ዳሎል ከደረሱማ ከባሕር ጠለል በታች ስለሆነ ትርፍም ያገኛሉ።»

«እዚያ እኮ ሜዳ ነው። ፈረስ የምፈልገው ዳገት ላይ ነው።»

ይህንን ክርክር ፈጣሪ እንጂ ቶዮታ አይፈታውም። 3ኤል ተወሰነ።

ሞተሩ ከአዲስ አበባ፣ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ተገዝቶ በጭነት መኪና መጣ። የመጣው ሞተሩ ብቻ ነው። ካምቢዮው ለሌላ ሰው ተሽጧል፤ ቮላኖው፣ ከሞተሩ ጀርባ የሚዞረው ክብ ብረት፣ አለ፤ ሞተሩን ከሻንሲ ጋር የሚይዙት እግሮቹ የሉም፤ ብሎን የሚባል ነገር በጭራሽ የለም። ሻጩ በስልክ «ብሎን የትም አለ» ብሏል። ይህችን አባባል ያዙልኝ።

መካኒኩ ጋራዡን ከከተማው ዳር የከፈተ፣ ጠይም፣ ቀጭን፣ ከጆሮው እርሳስ የማይለየው ሰው ነው። መምህርን «አቦይ» ይላቸዋል። ሞተሩን አየው፣ ላንድሮቨሩን አየው፣ አንዴ ጎንበስ አለ፣ ተነሣ።

«ይገባል» አለ።

«ለክተኸዋል ወደይ?»

«አቦይ፣ በዓይኔ ለካሁት። አጆኹም፣ ይገባል።»

ሞተሩ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ወረደ። የዘይት ቋቱ የፊት ዲፈረንሻል ላይ ተቀመጠ። ከፍ አደረጉት፤ የአየር ማጣሪያው ኮፈን አላዘጋ አለ። ወደ ፊት ገፉት፤ ማራገቢያው ራዲያተሩን ነካ። ወደ ኋላ ሳቡት፤ የካቢኑ ግድግዳ ያዘው። ወደ ጎን አሉት፤ የጭስ ማውጫው ከመሪው ዘንግ ጋር ተሳሳመ። ስድስተኛ አቅጣጫ ቢኖር ኖሮ ይሞከር ነበር። ረዳቶቹ ላብ በላብ ሆነው ሲቆሙ መካኒኩ እርሳሱን ከጆሮው አውጥቶ እንደገና መለሰውና «አላልኳችሁም? ይገባል» አለ።

እውነቱን ለመናገር ገባ። የገባው ግን ሞተሩ ሳይሆን መኪናው ተቀይሮ ነው። የዘይት ቋቱ ተቆርጦ ጥልቁ በኩል ወደ ኋላ እንዲዞር ተበየደ፤ በውስጡ ያለው የዘይት መምጠጫ ቱቦም አብሮ ታጠፈ፤ አለዚያ ዘይቱ ከኋላ፣ መምጠጫው ከፊት ሆነው ይቀሩ ነበር። ራዲያተሩ በአይሱዙ ተተክቶ ወደ ፊት ሄደ። ካምቢዮው ደግሞ ወደ ኋላ ተገፋ። ይህን ሁሉ ሳይ የገባኝ ነገር ቢኖር ለሞተሩ የተከፈለው ብር ለግብዣው መግቢያ ብቻ እንደሆነ ነው። ድግሱ ያለው መሃል ላይ ነው፤ ማንም ሒሳብ ውስጥ በማያስገባቸው፣ ስም እንኳ በሌላቸው ቁርጥራጭ ብረቶች ላይ።

ከተማችን በመኪና መገጣጠም አዲስ አይደለችም። መስፍን ኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ ከጦርነቱ በፊት እዚሁ መቐለ ውስጥ ፔዦ ይገጣጥም ነበር። ትልቅ ነገር ነው። ግን ፋብሪካ የሚገጣጥመው እርስ በርሱ እንዲገጥም ተደርጎ የተወለደውን ነው፤ እያንዳንዱ ብሎን ቀዳዳውን ከነአድራሻው ያውቃል። መንደር ጋራዥ የሚገጣጥመው ግን ተዋውቆ የማያውቀውን ነው። የቶዮታ ሞተር ጀርባና የላንድሮቨር ካምቢዮ ፊት አንድ ላይ ሲመጡ አንዱም ብሎን ከአንዱም ቀዳዳ ጋር አይተያይም። እንግሊዙ በኢንች ያስባል፣ ጃፓኑ በሚሊሜትር። ስለዚህ ሽማግሌ ይላካል። ሽማግሌው ወፍራም የብረት ሰሌዳ ነው፤ በአንድ ፊቱ የቶዮታን ቀዳዳ፣ በሌላ ፊቱ የላንድሮቨርን ቀዳዳ ይዞ መሃል ይቆማል። እንደ ማንኛውም ሽማግሌ ወደ አንዱ ወገን ጥቂት ካዘነበለ ትዳሩ ፈረሰ።

«ጥቂት» ስል ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ማለቴ ነው። ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግ ጫፉን ቮላኖው መሃል ባለች ትንሽ የነሐስ ቀለበት ውስጥ ያስገባል። ሁለቱ መሃል ለመሃል ካልተያዩ ዘንጉ በዞረ ቁጥር ይጎብጣል፤ ኩሽኔታው ይበላል፤ ማርሹ ዳገት ላይ በራሱ ይወልቃል። በሠለጠነ ጋራዥ ይህ የሚለካው ሰዓት በሚመስል መለኪያ ነው። የእኛ መካኒክ መለኪያው የለውም። ያደረገው ግን እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። አንድ ቀጭን ሽቦ ጎበጥ አድርጎ ከቮላኖው ብሎን ጋር አሰረ፤ የሽቦውን ጫፍ የሰሌዳው ክብ ቀዳዳ ጠርዝ ድረስ አመጣው፤ ከዚያ ረዳቱ ሞተሩን በእጁ ቀስ እያለ እንዲያዞር አዘዘ። ጫፉ ዙሪያውን ሲዞር መካኒኩ በሽቦውና በጠርዙ መካከል የጺም ምላጭ ይከታል። ምላጭ ውፍረቱ አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ነው። ላይ ላይ ምላጩ ገባ። ቀኝ ላይ ገባ። ታች ላይ አልገባም። መካኒኩ ሰሌዳውን በእንጨት መዶሻ አንዴ ጠቅ፣ እንደገና ሽቦ፣ እንደገና ምላጭ። ጋራዡ ውስጥ ራዲዮ ተዘግቶ ነበር። መምህር ራሳቸው ትንፋሻቸውን ይዘዋል። ምላጩ በአራቱም ማዕዘን እኩል ሲገባ ሰሌዳው እንዳይንቀሳቀስ ሁለት የብረት ካስማ ተበሳለትና ተመታ። ያን ምላጭ መካኒኩ በወረቀት ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው፤ በማግሥቱ ጺሙን ተላጭቶ ስለመጣ በሌላ እንደተላጨ ተስፋ አደርጋለሁ።

ቀጥሎ የፍሪሲዮን ዲስክ። በስፋቱ ለቶዮታው ቮላኖ የሚበቃ መሆን አለበት፤ መሃሉ ላይ ያለው ጥርስ ግን የላንድሮቨሩን ዘንግ መያዝ አለበት። እንዲህ ያለ ዲስክ የሚሸጥ ሱቅ የለም። የአሮጌው ላንድሮቨር ዲስክ እምብርት ሪቬቱ ተቆርጦ ወጣ፣ የቶዮታውም ወጣ፣ የአንዱ እምብርት በሌላው ሆድ ተተከለ። የነሐስ ቀለበቷ ቶርኖ ቤት ተቀረጸች። የቶርኖ ባለሙያው ሥራው ሲያልቅ ቀለበቷን በጣቱ ላይ አድርጎ «ለጋብቻ ነው ወይስ ለሞተር?» አለ፤ ይህን ለሁሉም ደንበኛ እንደሚል ኋላ ሰማሁ።

እዚህ ላይ ስለ ቮልስ አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ቅር ይለኛል። የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው፤ ውሃ የለው፣ ራዲያተር የለው፤ ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በ4 ብሎን ነው። ሁለት ጎበዝ ካገኘ ቡና ሳይፈላ ይወርዳል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴን ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችው ይቺው ዓይነት መኪና ነበረች። ንጉሠ ነገሥት የወረደባት መኪና ሞተሯ በ4 ብሎን መውረዷ የሚገርም ነው። የዓለም መኪና ሁሉ እንደ ቮልስ ቢሠራ ኖሮ ግን መካኒኮቻችን ምን በልተው ያድሩ ነበር?

ወደ ላንድሮቨሩ ልመለስ። ካምቢዮው ወደ ኋላ ስለተገፋ ወደ ኋላ ዲፈረንሻል የሚሄደው ረጅሙ ዘንግ ረዘመ፣ የፊቱ አጠረ። መካኒኩ ከኋላው ቆርጦ ለፊቱ ቀጠለ። ይህ በምድር ላይ ካየሁት የሀብት ክፍፍል ሁሉ ፍትሐዊው ነው። የመጀመሪያው ሙከራ ቀን መምህር ጋቢና ገቡ፣ እኔ ከኋላ፣ የሰፈሩ ልጆች ከኋላዬ። ሞተሩ ቁልፍ እንደተሰጠው ተነሣ። እልልታ ቀለጠ። ማርሹ ገባ፣ መኪናው ተንቀሳቀሰ፣ ከጋራዡ ወጣ። አስፋልቱ ላይ ፍጥነት ሲጨምር ግን መኪናው መንቀጥቀጥ ጀመረ። በጎን መስታወቱ ሳይ ከኋላችን የሚመጣው ባጃጅ ሁለት ሆኗል። መምህር የሆነ ነገር እየተናገሩ ነበር፤ ቃሉ ግን ከአፋቸው ተቆራርጦ ስለሚወጣ እየጸለዩ ይሁን እየተሳደቡ መለየት አልተቻለም።

ጥፋቱ ክሮቸራው ላይ ነበር። ዘንጉ በሁለቱ ጫፎቹ ክሮቸራ የሚባል መጋጠሚያ አለው። ክሮቸራ በማዕዘን ሲሠራ አዟዟሩ እኩል አይደለም፤ በአንድ ዙር ውስጥ ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። የሁለተኛው ጫፍ ክሮቸራ ከመጀመሪያው ጋር ትይዩ ሆኖ ሲበየድ አንዱ ያጠፋውን ሌላው ያርማል። በያጁ ግን ሁለቱን ጫፎች አጣሞ በይዷቸዋል፤ ስለዚህ አንዱ ያጠፋውን ሌላው አባባሰው። ዘንጉ ተፈታ፣ አንዱ ጫፍ ተቆረጠ፣ በኖራ መስመር ተሰምሮ ዞሮ ተበየደ። በያጁ ሰበቡን በመብራት መቆራረጥ አመካኘ። መብራት ደግሞ እንደምታውቁት ተከላካይ ጠበቃ የለውም።

ሁለተኛው ሙከራ የኲሓ ዳገት ነበር። ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የሚወጣውን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አሮጌ መኪና ዕድሜውን የሚናዘዝበት ቦታ ነው። ላንድሮቨሩ በሦስተኛ ማርሽ ጀመረ፣ ሲከብደው መምህር ወደ ሁለተኛ አወረዱት፣ ጥቁር ጭስ አንድ ጊዜ ተፋ፣ ከዚያ ያለማጉረምረም ወጣ። ማርሹ አልወለቀም። ውሃው አልፈላም። ጨው የጫነ ጭነት መኪና ከፊታችን ነበር፤ ቀደምነው። መምህር መሪውን እንደያዙ ዞር አሉና «የቀሩት ፈረሶች እነማን ናቸው? እነዚህ ይበቁኛል» አሉ።

ከላይ ደርሰን ቆመን መኪናው ሲያርፍ መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ በእጁ ሁሉንም ነገር ነካካ። ዘይት በአንድ ቦታ ያልበዋል። «ይህ ምንም አይደለም» አለ። እኔ ደግሞ ላንድሮቨር ዘይት ካላላበው ዘይቱ አልቋል ማለት ነው የሚለውን የድሮ ሾፌሮች ቀልድ አስታውሼ ተጽናናሁ።

የቀረው ወረቀቱ ነበር። ይህን ክፍል ባለመኪናዎች የሚጠሉትን ያህል ሞተር መሸከምን አይጠሉም። ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር አለ፣ የሻንሲ ቁጥር አለ፣ የነዳጅ ዓይነት አለ። ሞተር ተቀየረ ማለት ከነዚህ ውስጥ ሁለቱ ውሸት ሆኑ ማለት ነው። ስለ ተሽከርካሪ መለያ፣ ምርመራና ምዝገባ የወጣው አዋጅ ቁጥር 681/2002 ያለ ነገር አልወጣም፤ ቁጥሩ ያልተመዘገበ ሞተር የተሰረቀ ሞተር ይመስላል፣ ቦሎ ሲታደስ ያስይዛል፣ መኪናው ሲሸጥ ያጣላል፣ አደጋ ሲደርስ ደግሞ ኢንሹራንስ «ይህን መኪና አላውቀውም» ለማለት በቂ ምክንያት ያገኛል። ስለዚህ መምህር የሞተሩን የግዢ ደረሰኝ፣ የጉምሩክ ወረቀቱንና አሮጌውን ሊብሬ ይዘው ወደ መዝጋቢው ቢሮ ሄዱ። መርማሪው ኮፈኑን ከፈተ። ዝም ብሎ ለረጅም ጊዜ አየ።

«አባት፣ ይህ መኪና ምንድን ነው?»

«ላንድሮቨር ነው ልጄ።»

«ሞተሩ?»

«ቶዮታ።»

«ራዲያተሩ?»

«አይሱዙ።»

መርማሪው ብዕሩን አነሣ፣ ቅጹን አየ፣ ብዕሩን መልሶ አስቀመጠ። «ቅጹ ላይ ያለው ቦታ ለአንድ ስም ብቻ ነው» አለ። መምህር ግን የቀይ እርማት ብዕር በመያዝ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ የትኛው ቁጥር የት እንደሚገባ በትዕግሥት አስረዱት። የሞተር ቁጥሩ ተቀየረ፣ «ቤንዚን» የሚለው «ናፍጣ» ሆነ፣ «ላንድሮቨር» ባለበት ጸና። አሁን ሊብሬው ከሰፈሩ ሁሉ በኋላም ቢሆን ወሬውን ሰምቷል።

እንግዲህ ላንድሮቨሩ ይሄዳል። ካሊፎርኒያ ቢሆን ኖሮ በቀይ ቀለም ተቀብቶ፣ በጎኑ እሳት ተሥሎበት፣ እሑድ እሑድ ለትርዒት ይወጣ ነበር። እዚህ ግን እሑድ የሚወጣው ለልቅሶና ለሠርግ ነው፤ ሰኞ ደግሞ ለጤፍ። በእኔ ሚዛን የእኛው ይበልጣል። ለጌጥ የተሠራ መኪና መንገድ ላይ ቢቆም ባለቤቱ ያፍራል እንጂ የሚጎዳ ሰው የለም፤ የመምህር መኪና ቢቆም ግን ወፍጮ ቤት የሚጠብቅ ሰው አለ። ምላጭ ይዞ አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር የሚፈልገውን መካኒክ ደግሞ ማንም መጽሔት ሽፋኑ ላይ አያወጣውም፤ ቢያወጣው ጺሙን በደንብ ተላጭቶ ይነሣ ነበር።

አሮጌ መኪና ላይ ሌላ ሞተር ለማስገባት ለምታስቡ ሁሉ የምለው ይህን ነው። ሞተሩን ለብቻው አትግዙ። ካምቢዮውን ከነቮላኖው፣ ፍሪሲዮኑን፣ እግሮቹን፣ የኤሌክትሪክ ገመዱን ሳይቆረጥ፣ የጭስ ማውጫውን መጀመሪያ፣ ከተቻለ የወጣበትን መኪና ራዲያተር ጭምር አብራችሁ ውሰዱ። ደረሰኝና የጉምሩክ ወረቀት ሳትቀበሉ ብር አትቁጠሩ። ከመግዛታችሁ በፊት ከዘይት ቋቱ ሥር እስከ አየር ማጣሪያው ጫፍ በሜትር ለኩ፤ በዓይን አትለኩ። ብሎኖቹን ደግሞ አንድ በአንድ ቆጥራችሁ በቆርቆሮ ጣሳ ተረከቡ። ሻጩ «ብሎን የትም አለ» ካላችሁ እዚያው እሱ ጋ እንዲፈልግላችሁ ንገሩት።